ልጄ ገና 16 ዓመቱ ነው፤ ለኮሌጅ ቤዝቦል ቡድን አሁኑኑ «እሺ» ይበል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ይገባል። ቤዝቦል ይጫወታል፣ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው። ኦገስት 1 ጠዋት ከሌላ ስቴት አንድ የዲቪዚዮን 1 (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ኮሌጅ አሰልጣኝ ደወለለትና ‹እንፈልግሃለን፣ ስኮላርሺፕም አለህ፣ ግን በሳምንት ውስጥ መልስ ስጠኝ› አለው። የትራቭል ቲሙ (ከትምህርት ቤቱ ውጭ በየቦታው እየተጓዘ የሚወዳደርበት ቡድን) ኮች ‹ይህ ዕድል እንዳያመልጣችሁ› ይለናል። ልጁ በደስታ እንቅልፍ አጥቷል። እኔና አባቱ ስለዚህ ስፖርት ብዙ አናውቅም። እሺ ካለ የትምህርት ክፍያው ተሸፈነ ማለት ነው? በኋላ ሐሳቡን ቢቀይርስ ይከሰሳል? መማር የሚፈልገው ኢንጂነሪንግ ነው። ደግሞ ኦክቶበር ላይ ፍሎሪዳ ያለው ውድድር ላይ ካልታየ ይረሳል ተብለናል፤ ወጪው ከባድ ሆነብን።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ። አሰልጣኞች መደወል በተፈቀደላቸው የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስልኩ የሚጠራለት ልጅ ብዙ አይደለም። በልፋቱ ያገኘው ነው፤ እናንተም ቅዳሜና እሑዳችሁን በየሜዳው ስታሳልፉ የከፈላችሁበት ነው። ደስታውን አታደብዝዙበት።

አጭሩ መልሴ ግን ይኸውልሽ። በአንድ ሳምንት ውስጥ እሺ አይበል። እምቢም አይበል። ጊዜ ይጠይቅ። ለምን እንደዚህ እንደምል በዝርዝር ልንገርሽ፣ ረዘም ይላልና ታገሺኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።

ልጁ በስልክ «እሺ፣ መጣሁ» ሲል «ኮሚት አደረገ» ይባላል። የኮሌጁን ኮፍያ አድርጎ ፎቶ ይለጥፋል፣ ጓደኞቹ ያጨበጭቡለታል። በሕግ በኩል ግን ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ልጅሽ ሐሳቡን ቢቀይር ማንም አይከሰውም። ኮሌጁም ሐሳቡን ቢቀይር አንቺ መክሰስ አትችይም። ክፍያውም አልተሸፈነም፣ አንድ ዶላር እንኳን። ገንዘቡ እውነተኛ ገንዘብ የሚሆነው የስኮላርሺፕ ውሉ ተጽፎ ሲፈረም ነው፤ ያ ደግሞ 12ኛ ክፍል ከገባ በኋላ ኖቬምበር ላይ ነው። ከዛሬ 15 ወር ገደማ ይቀረዋል። ምናልባት የሚያውቅ ሰው «ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንተንት» ስለሚባል ወረቀት ይነግርሽ ይሆናል። ከ1964 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ወረቀት ነው፣ በኦክቶበር 2024 ግን ቀርቷል። አሁን ያለው ከኮሌጁ ጋር በቀጥታ የሚፈረም የገንዘብ ድጋፍ ውል ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ ወሬ ነው፣ ጥሩ ወሬም ቢሆን።

እኛ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባልን ነው ያደግነው፤ ልጆቻችንንም በዚሁ አሳድገናቸዋል። ደስ ይለኛል ይሄ። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ቃሉን አጥብቆ የያዘው ወገን ነው የሚጎዳው። የእኛ ልጅ እሺ ካለ በቃ አለቀ። ለሌሎች አሰልጣኞች መጻፉን ይተዋል፣ ቢደውሉለትም «ቃል ገብቻለሁ» ብሎ ይመልሳቸዋል፣ ቤትም ውስጥ «ቃልህን አክብር» ይባላል። አሰልጣኙ ግን በዚያው ቦታ ሌላ ልጅ መፈለጉን አያቆምም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ካላሸነፈ ይባረራል፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ቀን ይፈልጋል። 15 ወር ሙሉ አንዱ ወገን በሩን ዘግቶ ሲጠብቅ ሌላው ክፍት አድርጎ ይቆያል። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጥድፊያው ከየት መጣ? ቀደም ሲል ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። አሰልጣኙ ለትንሽ ልጅ መደወል ባይፈቀድለትም ልጁ ራሱ ከደወለ ማንሳት ይችል ስለነበር፣ የትራቭል ኮቹ መሀል ገብቶ «በዚህ ሰዓት ደውልለት» እያለ ያገናኛቸው ነበር። የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ልጆች፣ ድምፃቸው እንኳን በቅጡ ያልጎረነነ፣ ለኮሌጅ ቃል ይገቡ ነበር። በ2023 የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ይህን ዘጋውና ልጁ 11ኛ ክፍል ሊገባ ኦገስት 1 እስኪሆን ድረስ አሰልጣኝና ተጫዋች ስለ ምልመላ እንዳይነጋገሩ ደነገገ። ጥሩ ሕግ ነው፣ እኔም ደግፌዋለሁ። ግን በዓመታት ላይ ተበትኖ የነበረው ጫና አሁን በኦገስት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ተከማቸ። አሰልጣኞቹ ሁሉ በአንድ ቀን ስልክ ያነሳሉ፣ ሁሉም ከሌላው መቅደም ይፈልጋሉ። «አንድ ሳምንት» የተባለውም ለዚህ ነው። ቀነ ገደቡ የአሰልጣኙ ነው፣ የሕግ አይደለም።

አሁን ከአሰልጣኙ ወንበር ሆነሽ እዪው፣ ከዚያ ብዙ ነገር ይገባሻል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ «ሃውስ» በሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት ውስጥ የገቡ ኮሌጆች በቤዝቦል ከ34 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችሉም። ድሮ በስኮላርሺፕም ያለ ስኮላርሺፕም ከዚያ የበለጠ ልጅ የሚይዙ ነበሩ። ስለዚህ ቦታው ጠቧል። ቦታው ሲጠብ ደግሞ አሰልጣኙ ከ18 ዓመት ጀማሪ ይልቅ ሌላ ኮሌጅ ሁለት ሦስት ዓመት የተጫወተ፣ አካሉ የጠና፣ 21 ዓመት የሞላው ልጅ ይመርጣል፤ ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው መንገድ ስላለ ማምጣቱም ቀላል ነው፣ የተዛወረ ልጅም እንደ ድሮው አንድ ዓመት ቁጭ ማለት አይጠበቅበትም። ፖል ስኪንስን ውሰጂ። ሁለት ዓመት በአየር ኃይል አካዳሚ ተጫውቶ ወደ ሉዊዚያናው ኤልኤስዩ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በ2023 ቡድኑ የኮሌጆች የመጨረሻ ውድድር በሚደረግባት ኦማሃ ከተማ ሻምፒዮን ሆነ፣ እሱም በዚያው ክረምት በድራፍት፣ ማለትም ፕሮፌሽናል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ 1ኛ ሆኖ ተመረጠ። ይህን ያየ አሰልጣኝ ሁሉ በየዓመቱ ፖርታሉ ውስጥ የራሱን ስኪንስ ይፈልጋል። የሚያመጣው እያንዳንዱ ትልቅ ልጅ ታዲያ ከሃይስኩል ቃል ከገባ ልጅ ላይ አንድ ቦታ ይወስዳል።

ድራፍቱም አለ። የሜጀር ሊግ (የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ከፍተኛው ሊግ) ድራፍት ጁላይ ላይ ነው፣ 20 ዙር አለው። አሰልጣኙ ቃል ከገቡለት ልጆችና ካሉት ተጫዋቾች ውስጥ ስንቱን ፕሮፌሽናል ቡድኖች እንደሚወስዱበት አስቀድሞ አያውቅም። ማይክ ትራውት ለኢስት ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቃል ገብቶ ነበር፤ በ2009 ኤንጅልስ የሚባለው የሜጀር ሊግ ቡድን በ25ኛ ምርጫ ወሰደውና ኮሌጁን ሳይረግጠው ቀረ። እንዲህ ያለው ስለሚያጋጥመው አሰልጣኙ ከሚያስፈልገው በላይ ልጅ እሺ ያሰኛል። ይሄዳሉ ያላቸው ካልሄዱ ደግሞ ትርፍ ሰው ይኖረዋል፤ ያኔ ለአንዳንዱ ልጅ ስልክ ይደወልና «ነገሮች ተቀይረዋል፣ ሌላ ቦታ ብትፈልግ ይሻልሃል» ይባላል። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው።

ደግሞ «የፈለገኝ እሱ ነው» የሚባለው አሰልጣኝ ራሱ ላይኖር ይችላል። ኦማሃ ላይ በ2024 ለፍጻሜ የደረሱት ቴነሲና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ነበሩ። የኤ ኤንድ ኤሙ ዋና አሰልጣኝ ጂም ሽሎስናግል ፍጻሜውን በተሸነፈ ማግስት ወደ ተቀናቃኙ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አሸናፊው ቶኒ ቪቴሎ ደግሞ በኦክቶበር 2025 የሜጀር ሊጉ ቡድን የሳንፍራንሲስኮ ጃይንትስ ማናጀር ሆነ። ያንቺው ቨርጂኒያ ውስጥም ብራያን ኦኮነር ከ20 ዓመት በላይ የዩቪኤ (የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ) አሰልጣኝ ሆኖ፣ በ2015 ሻምፒዮን አድርጎ፣ በ2025 ወደ ሚሲሲፒ ስቴት ሄዷል። ከነዚህ ጋር በስልክ ተነጋግረው ቃል የገቡ የ11ኛ ክፍል ልጆች እንደነበሩ አስቢ። አዲስ የሚመጣው አሰልጣኝ የቀድሞው የገባውን ቃል የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ልጅሽ የሚመርጠው ትምህርት ቤት መሆን አለበት፣ ሰውዬውን አይደለም።

የልጁ ሰውነትም ገና አላለቀም። በ16 ዓመት ቶሎ የጎረመሰ ልጅ ካላደጉት ጓደኞቹ ይልቅ በፍጥነት ይወረውራል፣ አሰልጣኞችም እሱን ያያሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌሎቹ ይደርሱበታል። ልጅሽ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በ12 ዓመቱ ከክፍሉ ሁሉ ረጅም የነበረ ነው ወይስ ዘንድሮ ሱሪው ያጠረበት? ሁለተኛው ከሆነ የሚያምረው ገና ወደፊት ነው፣ የዛሬው ግብዣም የመጨረሻው አይሆንም። ጄከብ ዲግሮም በስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ ሾርትስቶፕ (የሜዳ ተከላካይ እንጂ ፒቸር ያልሆነ) ነበር። መወርወር የጀመረው 3ኛ ዓመት ላይ ነው። በ2010 በ9ኛ ዙር ተመረጠ፣ ከዚያ በ2018 እና በ2019 የናሽናል ሊግ ምርጥ ፒቸር ሆኖ ሳይ ያንግ ሽልማትን ወሰደ። በ16 ዓመቱ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ስኮላርሺፕ አለህ» ማለት ሙሉ ወጪ ይሸፈናል ማለት አይደለም። ቤዝቦል እንደ አሜሪካን ፉትቦል አይደለም። ለብዙ ዓመት አንድ የዲቪዚዮን 1 ቡድን የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነው፣ እሱንም እስከ 27 ለሚሆኑ ልጆች ይከፋፍለው ነበር። እኩል ቢካፈሉት ለአንዱ ከግማሽ በታች ይደርሰዋል። አሁን በስምምነቱ የገቡት ኮሌጆች ለ34ቱም ሙሉ መስጠት ይችላሉ። ይችላሉ እንጂ አይገደዱም፤ ብዙዎቹ ያን ያህል ገንዘብ ለቤዝቦል አይመድቡም፣ በስምምነቱ ያልገቡትም በድሮው ጣሪያ ናቸው። ስለዚህ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጠየቅ። የምን በመቶ እንደሆነም ይጠየቅ፣ የትምህርቱ ክፍያ ብቻ ነው ወይስ መኝታና ምግብም አለበት? ኮሌጁ ሌላ ስቴት ስለሆነ ደግሞ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሥሪው። ከሌላ ስቴት ለመጣ ተማሪ የሚጠየቀው ክፍያ 40 በመቶ ተቀንሶለት እንኳን ቨርጂኒያ ውስጥ እንደ ነዋሪ ያለ ምንም ስኮላርሺፕ ከምትከፍሉት ሊበልጥ ይችላል። ቨርጂኒያ ቴክ፣ ዩቪኤ፣ ጆርጅ ሜሰን፣ ቪሲዩ፣ ኦልድ ዶሚኒየን፣ ሁሉም የዲቪዚዮን 1 ቤዝቦል አላቸው፣ ሁሉም ኢንጂነሪንግ ያስተምራሉ። ልጅሽ ለነዚህ አሰልጣኞች ጽፎላቸው ያውቃል? ካልጻፈ ዛሬ ማታ ይጻፍ፣ ቪዲዮውንና የክፍል ውጤቱን አያይዞ። ራሱ ይጻፍ፣ አንቺ አትጻፊለት።

ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ከቤዝቦሉ ይልቅ በትምህርቱ የሚያገኘው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ክርኑ ቢታመም አይቋረጥበትም። ለዲቪዚዮን 1 ከሃይስኩል 16 ኮር ኮርሶች (ዋና ዋና ትምህርቶች) እና ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ያስፈልጋል፣ ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀምር ማለቅ አለባቸው። የትምህርት ቤቱን ካውንስለር አሁኑኑ አነጋግሪ። ይሄን ሳያውቁ 12ኛ ክፍል ላይ የሚደነግጡ ወላጆች አሉ።

ታዲያ ለአሰልጣኙ ምን ይበለው? በትሕትና፣ ግን ሳይፈራ እንዲህ ይበለው፤ «በጣም አመሰግናለሁ፣ ኮሌጃችሁን ከልቤ ነው የምፈልገው፣ ግን ከቤተሰቤ ጋር መጥቼ ግቢውን ሳላይ መልስ መስጠት አልፈልግም። ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ ጊዜ ስጡኝ።» ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ኮሌጁ በራሱ ወጪ የሚያደርገው ጉብኝት ስላለ እሱንም ይጠይቅ። ሲሄዱ አንቺና አባቱም ሂዱ፣ ከአሰልጣኙ ጋር ቁጭ በሉ። እንግሊዝኛችን አይበቃም ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ። የልጃችሁ አራት ዓመት ነው፣ የመጠየቅ ሙሉ መብት አላችሁ። ከእሱ ጋር በአንድ ዓመት የሚገቡ ስንት ፒቸሮች እሺ እንዳሉ ጠይቁ። ዘንድሮ ከፖርታል ስንት ፒቸር እንደመጣ ጠይቁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ቃል ከገቡላችሁ የሃይስኩል ልጆች ስንቱ ገቡ፣ ከገቡት ስንቱ እስከ 3ኛ ዓመት ቆዩ በሉት፤ ይህን ጥያቄ ቡድኑ ውስጥ ያሉትን ልጆችም ለብቻቸው ጠይቋቸው፣ እነሱ አይደብቁም። ስኮላርሺፑ የአንድ ዓመት ነው ወይስ የብዙ ዓመት? በውሉ ዘመን ውስጥ በጉዳት ምክንያት መቁረጥ በኤንሲኤኤ ሕግ አይፈቀድም፣ ውሉ አልቆ ሲታደስ ምን እንደሚሆን ግን የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። የተመለሰላችሁን ጻፉት፣ ከጉብኝቱ በኋላም ልጁ «እንዲህ ብላችሁናል፣ በትክክል ተረድቼ ከሆነ አረጋግጡልኝ» ብሎ በኢሜይል ይላክላቸው። ውል አይደለም፣ ግን በኋላ «አላልኩም» ማለት ከባድ ይሆናል።

ኢንጂነሪንጉን በተመለከተ ከአሰልጣኙ መልስ አትጠብቂ፣ ሁሉም «ይቻላል» ነው የሚሉት። ጨዋታው ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ይጀምራል፣ እስከ 56 መደበኛ ጨዋታ አለ፣ ቡድኑ ወደ ውጭ ሲጓዝ ሐሙስ ወይም ዓርብ ክፍል ይቀራል። የኢንጂነሪንግ ላብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልምምዱም ከሰዓት በኋላ። አሁን ቡድኑ ውስጥ ኢንጂነሪንግ የሚማር ተጫዋች አለ ወይ? ካለ እሱን ያገናኙት። ከሌለ፣ ለምን እንደሌለ ይጠይቅ። 2ኛ ዓመት ላይ «ሜጀርህን ቀይር» የተባሉ ልጆች አጋጥመውኛል፣ ያሳዝናል፤ እነዚህ ልጆች ቤዝቦል ካለቀ በኋላ የሚኖሩበት ሙያ ነው የተነካባቸው።

ጊዜ ሲጠይቅ ቦታው ሊያመልጠው ይችላል። ይህን አልደብቅሽም። አንዳንዴ አሰልጣኙ እውነቱን ነው፣ ሁለት ቦታ አለው፣ አምስት ልጅ ጠርቷል። ግን በሳምንት ውስጥ ያልተመለሰለትን ልጅ የሚተው አሰልጣኝ ከዓመት በኋላም ለመተው ብዙ ላያስብ ይችላል። ሌላ በርም አለ። ብዙ ፒቸር 12ኛ ክፍል ላይ ነው የሚመረጠው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት አድጎ የሚዛወርም አለ፤ አልበርት ፑሆልስ በ1999 በ13ኛ ዙር የተመረጠው ሚዙሪ ውስጥ ካለ ሜፕል ዉድስ ከሚባል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው።

በሌላ በኩል፣ ጎብኝታችሁ ስትመለሱ ጥያቄዎቻችሁ በቂ መልስ ካገኙ፣ ሒሳቡም ከገባችሁ፣ ልጁም «ቤዝቦል ባልጫወት እንኳን እዚህ እማር ነበር» ካለ፣ እሺ ይበል። ቶሎ እሺ ማለት በራሱ ኃጢአት አይደለም። እሺ ካለ በኋላም ከሌሎቹ አሰልጣኞች ጋር በጨዋነት ግንኙነቱን ይጠብቅ። ቃል ለገባ ልጅ ሌላ አሰልጣኝ አይደውልም የሚባለው ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። አንድ ቀን ሐሳቡን ቢቀይር ዋናውን አሰልጣኝ ራሱ ደውሎ ይንገረው፣ በቴክስት አይሆንም።

የትራቭል ቲሙን ኮች ምክር ስሙት፣ ልጁን ያውቀዋል። ግን ቡድኑ በገጹ ላይ «ይህን ያህል ልጆች ኮሚት አደረጉ» ብሎ ሲለጥፍ ነው በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ቤተሰብ የሚመጣለት። ልጅሽ ዛሬ እሺ ቢል ለኮቹ ጥቅሙ ዛሬውኑ ነው፣ ለእናንተ ግን የሚታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይህን በልባችሁ ያዙና አድምጡት።

የፍሎሪዳው ውድድር ጁፒተር ከተማ ያለው ይመስለኛል። ትልቅ ነው፣ እውነት ብዙ አሰልጣኝ ይመጣል። ግን ልጅሽ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ሲወረውር ከቆየ አይሂድ። ሜጀር ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል ያወጡት «ፒች ስማርት» የሚባል መመሪያ አለ፤ ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ በላይ አይፈቅድም፣ 76 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ ደግሞ አራት ቀን ማረፍ አለበት ይላል። በዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ወር ከመወርወር እንዲያርፍም ያዛል፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ወር ሳይቆራረጥ። ሜጀር ሊግ ራሱ በዲሴምበር 2024 ስለ ፒቸሮች ጉዳት ባወጣው ሪፖርት ላይ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ፍጥነት በሚለካ ራዳር ፊት በሙሉ ኃይላቸው መወርወራቸውን ከችግሩ ምንጮች አንዱ አድርጎታል። የክርን ጅማት ከተበጠሰ ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ሕክምና ነው፣ ከዚያ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሜዳ መራቅ ነው፤ ያ ማለት ለልጅሽ ሙሉው 11ኛ ክፍል ወይም 12ኛ ክፍል ማለት ነው፣ አሰልጣኞች በሚወስኑበት ጊዜ። የደወለለት ሰው አይቶት ነው የደወለው፣ ጁፒተር ላይ ስላላየው አይረሳውም። ለውድድሩ የያዛችሁትን ገንዘብ ለግቢ ጉብኝቱና ለቨርጂኒያ ኮሌጆቹ ጉዞ አውሉት። ለምን እንደማይመጣ አሰልጣኙ ከጠየቀው «እጄን እያሳረፍኩ ነው» ይበለው፣ ሌላ ሰበብ አይፈልግ። የጉብኝቱ ቀን ሲቆረጥ ጻፊልኝ፣ የኢንጂነሪንጉን ጥያቄዎች አብረን እናዘጋጃለን።